ደነባ ያልደረሰ ገምጋሚ

የጅሩ ሰንጋ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ በረት ገብቶ ግርግም ሲለካ ታይቶ አይታወቅም። ሻኛውን ይጨብጣል፣ ወገቡን ይዳብሳል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ጥቂት አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ሻጩ በሬው የበላውን ባቄላ በኩንታል ቆጥሮ ቢምልለት ነጋዴው ፈገግ ይላል እንጂ አይከራከርም። ከደነባ እስከ እነዋሪ ባለው መንገድ ይህን የማያውቅ እረኛ የለም።

የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የሚመዝኑት ባለሙያዎች ግን፣ በአገሪቱ አሉ ከሚባሉት ምሁራን መካከል ሆነው ሳለ፣ ቀን ሙሉ ሲለኩ የሚውሉት ግርግሙን ነው።

አባባሉ ይከብድ ይሆናል፤ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ብዙም አልተጋነነም። ትምህርት ቤቱ በቅድሚያ ራሱን ገምግሞ ወፍራም ሰነድ ያዘጋጃል። ቀጥሎ ስፔሻሊስት ሐኪሞችና የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ለጥቂት ቀናት ይመጣል። የመምህራኑን ብዛትና ማዕረግ ይቆጥራል፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያያል፣ የአናቶሚ ክፍሉን ይጎበኛል፣ ስኪል ላብ ያሉትን ሞዴሎች ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፣ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፣ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያነጋግራል፤ ከዚያ ሪፖርቱን ይጽፋል። እንዲህ ያለ ቡድን ሊመጣ ነው በተባለበት ሳምንት ግቢው ምን እንደሚመስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግድግዳ ይቀባል። ቦክስ ፋይሎች አዲስ ወረቀት ይለጠፍባቸዋል። ከተገዛ ጀምሮ ከካርቶኑ ያልወጣው የማዋለጃ ማኔኪን ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዴ ላስቲኩ እንኳ ሳይገፈፍ። የተበላሸው ማይክሮስኮፕ ከሚሠራው ጎን ይሰለፋል፤ ሲቆጠሩ ሁለቱም ማይክሮስኮፕ ናቸውና።

ቃሉ ራሱም ዕዳ አለበት። «ግምገማ» በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት የሂስና ግለ ሂስ መድረክ ስም ነበር፤ ተነሥቶ የራስን ጥፋት መናዘዝ፣ ካልሆነም የባልደረባን መዘርዘር። በዚያ ያለፈ ሠራተኛ ገምጋሚ መጣ ሲባል ችግሩን አውጥቶ አያሳይም፤ ይሸፍነዋል። በመመሪያዎቹ «የጥራት ባህል» ተብሎ የተጻፈው ዘር የሚዘራው በዚህ መሬት ላይ ነው።

በጤናው ዘርፍ ግን አንድ አስተሳሰብ ስምምነት እስኪመስል ድረስ ሰፍኗል። ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ሐኪሞች የሚወጡት ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደርና ከጅማ ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በዛ። በ2004 ዓ.ም. ብቻ፣ በአዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር፣ 13 ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ አሥሩ በዩኒቨርሲቲዎች፣ ሦስቱ በሆስፒታሎች ውስጥ። የተማሪው ቁጥር መምህሩንም የሕሙማን አልጋውንም ቀደመ። ስለዚህ ጥራት ወረደ፤ መፍትሔውም ግምገማውን ማጥበቅ፣ ገምጋሚዎቹን ከአንጋፋ ፕሮፌሰሮች መምረጥና መለኪያውን ከዓለም አቀፉ ጋር ማስተካከል ነው ይባላል። ለሥራው በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ ኃላፊነቱን የያዘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ሕመሙ በትክክል ተነግሯል። የታዘዘው መድኃኒት ግን የሌላ ሕመም ነው።

«ዓለም አቀፍ መለኪያ» የሚለው ጥድፊያ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የውጭ አገር ምሩቅ ሐኪሞችን ማስረጃ የሚያጣራው ኮሚሽን፣ ከ2023 ጀምሮ እውቅና ያለው ገምጋሚ ካልመዘነው ትምህርት ቤት የወጣ ሐኪም እንደማይቀበል አስታወቀ። ቀኑ በኋላ ተገፋ፣ ደንቡም ለዘብ አለ። የየአገሩን ገምጋሚዎች የሚመዝነው የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን ግን በዚያው ገነነ። የፌዴሬሽኑ መለኪያ መጥፎ አይደለም፤ የ2020ው እትም እንዲያውም ቁጥር ከመደርደር ተቆጥቦ እያንዳንዱ አገር እንደ ራሱ ሁኔታ እንዲተረጉመው ይጋብዛል። ስምንት ርዕሶች አሉት፦ ተልእኮ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ምዘና፣ ተማሪ፣ መምህር፣ ግብአት፣ ጥራት ማረጋገጫ፣ አስተዳደር። ስለ ምሩቃን በውስጡ ምንም አይጠይቅም ማለት ሐሰት ይሆናል። ሆኖም ከስምንቱ የአንዱም ርዕስ «ታካሚ» አይደለም። ሩጫውን ያስጀመረው ደግሞ የአሜሪካ በር ነው። የሚሄደው ሐኪም ጉዳይ ከሚቀረው ሐኪም ጉዳይ ቀድሞ ወረፋ ያዘ ማለት ነው።

የሚቀረው ሐኪም የት ነው የሚቀረው? ለምሳሌ ደነባ። ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ ያለችው ይህች ከተማ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስንዴና ምስር የሚበቅልበት፣ በክረምት እግር ይዞ የማይለቅ የዋልካ አፈር አገር። በኢትዮጵያ የጤና አደረጃጀት እንዲህ ባለ ቦታ የሚገኘው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፤ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ። ስፔሻሊስት አይጠበቅበትም። የሚሠሩበት ጠቅላላ ሐኪሙ፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰሩ፣ አዋላጇ፣ ነርሱና የላብራቶሪ ባለሙያው ናቸው።

እንዲህ ባለ ሆስፒታል አንዲት አዲስ ተመራቂ ሐኪም ተረኛ ናት እንበል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። አንዲት ወላድ በሰላም ተገላግላለች፣ የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልቆመም። ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ተወግታለች። ማሕፀኑ እንደ ሊጥ ልል ነው። ሐኪሟ ደግማ ልታዝዝ ስትል ሃያ ዓመት ያዋለዱት ሲስተር ቀስ ብለው «ዶክተርዬ፣ መብራት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልነበረም እኮ» ይላሉ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተቀመጠ ጉልበቱን ያጣል። ይህን በመጽሐፍ ሁሉም ያነበበው ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች የእጅ ናቸው፦ ማሕፀኑን ማሸት፣ ፊኛውን ባዶ ማድረግ፣ የተቀደደ ቦታ መኖሩን ማየት፣ ሚዞፕሮስቶል መስጠት፣ ካልሆነ ካቴተር ላይ ኮንዶም አስሮ በግሉኮስ መስመር ውኃ በመሙላት ከውስጥ መጫን፣ በዚያው መሀል አምቡላንስ ማስጠራት። የኮንዶሙን ዘዴ ያስተዋወቁት የባንግላዴሿ ሐኪም ሳየባ አክተር ናቸው፤ ውድ የሆነው መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ሴቶች ሲሞቱ አይተው።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ በእጇ ሠርታ ታውቃለች? ጥያቄው ይህ ነው። መልሱም ገምጋሚዎች እንደሚያስቡት በስፔሻሊስት ብዛት አይገኝም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ተቃራኒው ነው። ስፔሻሊስትና ሬዚደንት በበዛበት ትልቅ ሆስፒታል ከባዱ ወሊድ የሬዚደንቱ ነው። ኢንተርኗ ከኋላ ቆማ ታያለች፣ ደም ልታመጣ ትላካለች፣ ካርድ ትጽፋለች። የገምጋሚው ቅጽ ላይ የሬዚደንት መርሐ ግብር መኖር ነጥብ ያስጨምራል። በኢንተርኗ እጅ ላይ ምን እንደቀነሰ የሚጠይቅ መስመር ግን ቢፈለግ አይገኝም።

የዚህ ዓይነት ግምገማ አባት ተደርጎ የሚጠራው አብርሃም ፍሌክስነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ሪፖርት የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝኖ አብዛኞቹን አዋርዷቸዋል። አንጋፋ ስፔሻሊስት ብቻ ይገምግም ለሚሉት አንድ የማይመች ነገር አለው፤ ሐኪም አልነበረም። ሉዊቪል በምትባል ከተማ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆች ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በግል ትዝታው ያወጋት አንዲት ታሪክ ከሪፖርቱ ይልቅ ታስተምራለች። ዴሞይን ውስጥ አንድ የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት ሄዶ በሮቹ ላይ «አናቶሚ»፣ «ፊዚዮሎጂ» እያለ ተጽፎ አየ፤ ሁሉም ተቆልፈዋል፣ ቁልፍ የለም ተባለ። ኃላፊው በአክብሮት ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘው። ፍሌክስነር ብቻውን ተመልሶ ለሕንፃው ጠባቂ 5 ዶላር አስጨበጠና በሮቹን አስከፈተ። በየክፍሉ ያገኘው ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳና ወንበር ብቻ ነበር።

ለዘበኛ ጉርሻ የሚሰጥ ገምጋሚ! በኢትዮጵያ ቢሆን አበሉን ያወራርድ ዘንድ ደረሰኝ በተጠየቀ ነበር።

የፍሌክስነር ሌላው ፊት ግን ያን ያህል አያስቅም። መለኪያው ላብራቶሪ ነበር፤ አርአያውም ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ። በዚያ መለኪያ ከሰባቱ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች መትረፍ ያለባቸው ሁለት ብቻ፣ ሃዋርድና ሜሃሪ፣ ሆኑ፤ አምስቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጉ። ከተዘጉት መካከል ደካሞች አልነበሩም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከእነሱ ይወጣ የነበረው ሐኪም የሚያገለግለው ሕዝብ ሌላ ሐኪም አልመጣለትም። ገምጋሚው ትምህርት ቤቱን አየ፣ ትምህርት ቤቱ የሚያገለግለውን ሰፈር አላየም። መለኪያ የሚመርጥ ሰው የሚዘጋውንም የሚከፈተውንም ይመርጣል፤ የኢትዮጵያ ገምጋሚዎች በልባቸው የያዙት ጆንስ ሆፕኪንስ ጥቁር አንበሳ ነው። በዚያ ዓይን የተለካ የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ቢበረታ የሚሆነው ትንሽ ጥቁር አንበሳ ነው፤ የደነባ ሆስፒታል ደግሞ ሲቲ ስካን ለለመደ ሐኪም በረሃ ነው።

ለዚህ ክርክር የአገር ውስጥ ታሪክ ይበልጥ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የገባው ወባ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ይህን ተከትሎ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ በሩን ሲከፍት ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር፤ አንድ ላይ፣ በቡድን፣ በገጠር ጤና ጣቢያ እያደሩ። የዛሬው ቅጽ ያኔ ቢቀርብለት ጎንደር ስንት ነጥብ ባገኘ ነበር? ፕሮፌሰር የለውም፣ ምርምር የለውም፣ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት የለውም። ወድቋል። ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖች ግን ሐኪም ረግጦት በማያውቀው አውራጃ ለብዙ ዓመት ብቸኛዎቹ ሐኪሞች ነበሩ። ጅማም እ.ኤ.አ. በ1983 ሲጀመር ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ብሎ የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው። በዋሽንግተን የምትሠራው ሰብለ ፍሬሕይወት ከፊትዝህዩ መለን ጋር ሆና ያጠናችው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት መጽሔት የወጣው የአፍሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥናት ከሰሃራ በታች 168 ትምህርት ቤቶችን ሲቆጥር አንዱ ትልቅ ጥያቄው ምሩቁ የት ይቀራል የሚለው ነበር። በፊሊፒንስ የዛምቧንጋ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲቋቋም በቂ ቋሚ መምህራን አልነበሩትም፤ የከተማው ሐኪሞች በትርፍ ጊዜያቸው ያስተምሩ ነበር። አብዛኞቹ ምሩቃኑ ግን እዚያው አካባቢ ቀርተዋል።

ተቃውሞው ይታወቃል። መጀመሪያ የሚነሣው ፈተና አለ የሚለው ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ካለፉት ይልቅ የወደቁት በልጠው አገር ጉድ አለ፤ ጤና ሚኒስቴርም የሙያ ፈቃድ ፈተና አለው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሆኖም በአብዛኛው ከአራት መልስ አንዱን የሚያስከብብ ፈተና ያቺ ሐኪም ኦክሲቶሲን በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ ማወቋን እንጂ ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትር ማየት መልመዷን አይነግርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፤ ቸል ሊባልም አይገባም። ምሩቁን በሚሠራበት ቦታ እንመዝን ከተባለ ሚዛኑ ይዛባል ይላሉ። ደነባ ላይ እናት ብትሞት ጥፋቱ የመብራቱ ነው? የመንገዱ? የመድኃኒት አቅርቦቱ? የደመወዙ? ለትምህርት ቤቱ ምን ይደርሰዋል? በ2011 ዓ.ም. ኢንተርኖችና ሐኪሞች አደባባይ ወጥተው የጮኹት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዕቃ እጥረት አልነበረም ወይ? እውነት ነው። ሞት ቆጥሮ ለትምህርት ቤት ማርክ መስጠት ግፍ ይሆናል። ደነባ የሚወርድ ገምጋሚ ግን ሞት ለመቁጠር መውረድ የለበትም። የሚያነበው ወረቀት ሞልቷል። የምጥ መከታተያ ቅጹን፣ ፓርቶግራፉን፣ ያንሣ፦ የምጡ መስመር በማስመሪያ የተሠመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ከወጣና የብዕሩ ቀለም ከላይ እስከ ታች አንድ ከሆነ፣ ወረቀቱ የተሞላው ከወሊዱ በኋላ ሊሆን ይችላል። የሪፈር ወረቀቶችን ይደርድር፦ ሐኪሙ ምን አይቶ ላከ? ከመላኩ በፊት ምን ሠራ? «ለተሻለ ሕክምና» ከምትለው ሐረግ ሌላ ምን ጻፈ? መብራት መጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ጥፋት አይደለም። መብራት በጠፋበት አገር እንዴት እንደሚታከም ሳያስተምሩ ማስመረቅ ግን የማንም ሌላ ጥፋት አይደለም።

ከዚያ ሲስተርን ያነጋግር። አንዲት ጥያቄ ትበቃዋለች፦ «አዲስ ሐኪም ሲመጣልዎት መጀመሪያ የሚያሳዩት ምንድን ነው?» ሲስተር የሚዘረዝሩት ነገር ሁሉ ትምህርት ቤቱ ያላስተማረው ነው። ከዚህ የጠራ የክፍተት ሪፖርት ማንም ኮሚቴ ጽፎ አያውቅም።

ሦስተኛው ተቃውሞ በይፋ አይነገርም፤ በቡና ሰዓት ነው የሚወራው። አዋላጅ ፕሮፌሰርን ልትገመግም ነው? የጤና መኮንን? የወረዳ ሰው? ለዚህ ረጅም መልስ አያስፈልግም። ሥራውን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው። በአንጻሩ በአንጋፋዎቹ ዓለም ሁሉም የአንድ ባች ልጅ፣ የአንድ መምህር ደቀ መዝሙር ነው፤ የዘንድሮ ገምጋሚ የከርሞ ተገምጋሚ ነው። ስፔሻሊስት በጣት በሚቆጠርበት አገር ይህ የማንም ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በቡድኑ ውስጥ የማንም ባች ያልሆነ ሰው እንዲኖር ያስገድዳል። ስፔሻሊስቱ ይቅር የሚል የለም። የአናቶሚ ክፍሉን ማን ያይ?

ጥብቅነት የሚለው ነገርም ቢሆን ለማን ነበር የጠበቀው? የግል ኮሌጅ ለአንድ መርሐ ግብር ፈቃድ ሲለምን፣ ሲታደስለት፣ ሲነጠቅ ኖሯል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ለብዙ ዓመታት በደንብ ተቋቁሞ፣ ያለ ቅድመ ፈቃድ ትምህርት ክፍል ሲከፍት፣ የጥራት ኦዲት ቢደረግለትም ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ሲያድር ነው የኖረው። ከሐኪሞቹ አብዛኞቹን የሚያፈራው ደግሞ የመንግሥቱ ነው። በትንሹ ላይ የበረታ፣ በትልቁ ላይ የለዘበ ሚዛን የሙያ ክብር በጨመሩለት ቁጥር አይስተካከልም።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሟል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የሰሜን ሸዋን ወረዳዎች የሚያዳርስ የፕሮፌሰሮች ቡድን በዚህ ጊዜ ይመጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሲስተር ግን እዚያው ናቸው። ጤና መኮንኑም፣ ከሥር ካሉት ጤና ጣቢያዎች ታካሚ የሚልኩት ባለሙያዎችም እዚያው ናቸው። በዓመት ሁለቴ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡና ያዩትን ቢጽፉ ወጪው የአንድ ቡድን አበል አይሞላም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ሰይሟል፤ በኤዲንበራ ተምረው አገራቸው ተመልሰው ቢላ ይዘው ያስተማሩ የቀዶ ሐኪም ነበሩ። የካምፓሱ ተማሪዎች በሚለማመዱባቸው የከተማዋ ሆስፒታሎች ማታ ማታ ሪፈር የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ቀን የሚያስተምረው ሰው ነው። ከደነባ የተላከች ወላድ ስትደርስ ወረቀቷ በእሱ እጅ ይገባል። የሪፈር ወረቀቱ ከታች ተቀድዶ ለላኪው የሚመለስ ክፍል አለው፤ «ግብረ መልስ» ይላል፣ ሦስት አራት መስመር ባዶ ቦታ አለው። በዚያ መስመር ላይ «ከመላክሽ በፊት ፊኛዋን ባዶ ብታደርጊ ኖሮ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ወረቀት ደነባ ደርሶ ያውቅ እንደሆነ ለማየት ገምጋሚው የሚያስፈልገው የሪፈር ፋይሉን መክፈት ብቻ ነው።